የሳሙኤል ኤፍሬም አባት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ፓስፖርት ፎቶ የማነሳባት፣ ፎርም የምሞላባትና የድግስ መጥሪያ የማትምባት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። እዚያች ሱቅ ውስጥ በሰው ስም ላይ ያልሠራሁት ስህተት የለም። አንዴ ሙሽሪት ወርቅነሽን ወርቅነህ ብዬ ሁለት መቶ የሰርግ ካርድ አትሜ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልክ ሲጮህ እየደነገጥኩ ከርሜያለሁ። ለሁሉም ተቆጥተውኛል፤ የሚገባኝ ነው። በአንዱ ስህተቴ ብቻ ግን ተመርቄበታለሁ። እሱን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልበል። የእኛ ሰው ፎርም ላይ «ላስት ኔም» የሚል ሲያይ ግራ ይገባዋል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንማ። እኔም ሁልጊዜ «የአባትህን ስም በል፣ እሱ ነው» እላለሁ። ይህንን በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስለው እጄ ራሱ ለምዶታል። ሁለት ስም አንድ ላይ ሲያይ ሁለተኛውን አንስቶ «የአባት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔን አይጠይቀኝም።

ሚስተር ሮይ የእኛ ሰው አይደሉም። ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ሠፈሩን እኛ ሳንመጣበት በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ወደ ሱቄ የመጡት ቤታቸው ያለው ፕሪንተር ተበላሽቶባቸው አንድ ወረቀት ኮፒ ለማድረግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መምጣት አላቋረጡም። ሙሉ ስማቸው ሮይ ኤፍሬም ነው። እኔ ሰውን በአባቱ ስም መጥራት ስላልለመደብኝ «ሚስተር ሮይ» አልኳቸው። ፈገግ ብለው «ጆርጂያ ያሉት አክስቶቼም ሽማግሌ የሚጠሩት እንደዚህ ነበር» አሉኝ። በዚሁ ተዋደድን።

ሁልጊዜ የሚይዟትን ቡናማ ቦርሳ ሲከፍቱ የሚወጣው ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነው፤ ስለ ቅድመ አያታቸው ስለ ሳሙኤል ኤፍሬም። ስሙን መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ሳሙኤል ኤፍሬም የሚባል ደንበኛ ሁለት አለኝ፤ አንዱ ኖርዝ ሆሊውድ፣ አንዱ ጋርዴና ነው የሚኖሩት። ይሄኛው ሳሙኤል ግን የጆርጂያ ገበሬ ነው። በባርነት ተወልዶ፣ ባርነት ሲቀር ገና ትንሽ ልጅ ነበር። አድጎ የሰው መሬት ተከራይቶ ጥጥና በቆሎ እያረሰ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እኩል ይካፈል ነበር። ብዙ ዓመት ለፍቶ በመጨረሻ የራሱን መሬትና አንዲት በቅሎ ገዛ። መጻፍ አይችልም፤ የመሬቱ ውል ላይ የፈረመው በመስቀል ምልክት ነው። መሬቱ በልጅ ልጆቹ ዘመን ከእጃቸው ወጣ። የሚስተር ሮይ አባት ደግሞ በባቡር ሎስ አንጀለስ ገብተው ፋብሪካ ተቀጠሩ።

ይህን ሁሉ የሚሰሙ አንድ ሌላ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ዘለቀ። ጋሼ ሆሊውድ ውስጥ ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጠዋት በአሥር ሰዓት፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ይመጡና ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይሰየማሉ። ወንበሯ የደንበኛ ነበረች፤ አሁን የእሳቸው ናት። የሚስተር ሮይን ወሬ እኔ ነኝ የማስተረጉምላቸው። እኩል ስለ ማረሱ ስነግራቸው ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

«እኩል አራሽ ነበር በይኛ! የእኔስ አባት ምን ነበሩና!» አሉ።

ታዲያ አንድ ቀን ጋሼ ሚስተር ሮይን «እስከ ስንት ቤት ትቆጥራለህ?» ብለው ጠየቋቸው። እኔ ተረጎምኩ። እኛ ጋ አንድ ሰው ሊያገባ ሲል ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል ብዬም አስረዳሁ። ጋሼ ለምሳሌ ያህል በጣታቸው ቆጠሩ፦ «ዘለቀ፣ ካሳ፣ ወርቁ፣ እንግዳ፣ ደስታ፣ ወልደ ሥላሴ፣ ሀብቴ። ይኸው ሰባት!»

ሚስተር ሮይም ጣታቸውን አወጡ። «ሮይ፣ ከርቲስ፣ ዊሊ፣ ሳሙኤል።» አራተኛው ጣት ላይ ቆሙ። አምስተኛው ጣት ታጥፎ ቀረ።

«አራት ብቻ? በዚህ አያያዝህ እኛ አገር ሚስትም አይሰጡህ!» ብለው ጋሼ ሳቁ።

ይህን አልተረጎምኩም። ግን ሳቅ ትርጉም አይፈልግም። ሚስተር ሮይ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ «ከሳሙኤል በላይ ግድግዳ ነው። እናቱ ሐና እንደምትባል የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ተጽፏል፤ እህቱ ሉሲም አለች። አባቱን ግን የሚያውቅ የለም። ሰዎቻችንን ሲሸጡና ሲለውጡ የአባት ስም የሚጽፍ አልነበረም» አሉኝ። ከወጡ በኋላ ለጋሼ ነገርኳቸው። ጋሼ ያን ቀን ምሳም አልበሉ። «ምነው አፌን በቆረጠው» እያሉ ዋሉ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለሐምሌ የሚስተር ሮይ ዘመዶች ከየስቴቱ ጆርጂያ ሊሰባሰቡ ነው። የሳሙኤል መቃብር አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው፤ የእንጨት ምልክቱ በስብሶ ከጠፋ ቆይቷል። ቤተሰቡ አዋጥቶ ድንጋይ ሊያቆምለት ነው። ድንጋይ ጠራቢው የሚቀርጸውን ቃል እየጠበቀ ነው። ሚስተር ሮይ «የሐናና የእገሌ ልጅ» የሚል እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ እገሌ ግን የለም። ዘመዶቻቸው «ተወው፣ እናቱ ትበቃለች» ይሏቸዋል። እሳቸው እሺ አይሉም። በዚያ ላይ ልባቸውን የታመሙ ናቸው። «ከእኔ በኋላ የሚፈልገው የለም። ልጆቹ ስልካቸውን ነው የሚያዩት» ይሉኝ ነበር።

ለስብሰባው የሚሰቀል ትልቅ ፖስተር አዘዙኝ፤ የሳሙኤል ዘር በሙሉ በሳጥን በሳጥን የተጻፈበት። በእጃቸው ቢጫ ወረቀት ላይ ንድፉን ሠርተው ሰጡኝ። ሳምንቱ የምረቃ ሳምንት ነበር። የእኛ ሰው ልጁ ኪንደርጋርተን ሲጨርስም ካርድ ያሳትማል። ስልክ በትከሻዬ ይዤ፣ አንዱን ሕፃን ፎቶ ለማንሳት በምላሴ እያጫወትኩ፣ የሚስተር ሮይን ስሞች እተይባለሁ። ከመቶ በላይ ስም ነው። ጨረስኩት፣ ፕሪንት አደረግሁት፣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሳላነበው።

አርብ ዕለት መጡ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ። ከታች ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ሳሙኤል። ከሳሙኤል በላይ ሁለት ሳጥን አለ። በአንዱ «ሐና» ይላል። በሌላው በደማቅ ፊደል «ኤፍሬም» ይላል።

ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

ዓይኔ ያን ጊዜ ነው የተገለጠው። ቢጫው ወረቀት ላይ «አባት፦ አይታወቅም» ብለው ጽፈዋል። እኔ ሳሙኤል ኤፍሬም የሚለውን ሳይ እጄ የለመደውን ሠርቷል። እንደ ማንኛውም የእኛ ሰው ፎርም ሞልቼላቸዋለሁ! እኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት እንደሆነ፣ ልማድ ሆኖብኝ እንደሆነ፣ አሁኑኑ አስተካክዬ እንደማትም ቀባጠርኩ።

ሚስተር ሮይ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀንም አልጮሁም። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሳጥን ውስጥ ግምት እንዳይገባ ስጠብቅ ኖሬያለሁ» አሉ። «ነፃ የወጡት ብዙዎቹ የጌታቸውን ስም ነው ይዘው የቀሩት። እኔ በዚያ አካባቢ ኤፍሬም የሚባል ባለመሬት ነው የምፈልገው። አንቺ መጥተሽ በአንድ ቀን ሞላሽው?» ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥለውት ቻው ሳይሉኝ ወጡ።

በሩ ሲዘጋ ጋሼ ዘለቀን እንዳላያቸው ፊቴን ወደ ኮምፒውተሩ አዞርኩ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉኝ ጋሼ። ወዲያው ደግሞ «ግን ቆይ፣ አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው ያጠፋሽው? ሳሙኤል ኤፍሬም ከተባለ አባቱ ኤፍሬም ነዋ» አሉ።

«ጋሼ፣ የእነሱ እንደሱ አይደለም። ላስት ኔም ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ፓስ እያደረገ የሚመጣ ነው።»

«ኦኬ፣ ይሁን። መጀመሪያ ግን የአንድ ሰው ስም አልነበረም?»

«ጋሼ፣ በእናትዎ ዛሬ ይተዉኝ።»

ፖስተሩን ሳጥኑን ባዶ አድርጌ እንደገና አተምኩት። ሚስተር ሮይ ግን አልመጡም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሱም። ልባቸው አንድ ነገር ሆነ እንዴ እያልኩ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከፀፀት ይልቅ ፍርሃቱ ባሰብኝ። ሰው ተቀይሞኝ ቢሞትስ? ጋሼም ስለ ቤት ቆጠራው ነገር ይቅርታ ሳይጠይቁ እንዳይቀሩ ሰግተው በመስኮት በኩል መንገዱን ማየት ሆነ ሥራቸው።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሸሚዛቸውን አንገቱ ድረስ ቆልፈዋል። ቡናማዋ ቦርሳ በደረታቸው ላይ ናት። «ሽማግሌው መጥቷል?» አሉኝ። ጋሼን ነው። ገና ነው ስላቸው «እንግዲያው ለአንቺ በመጀመሪያ» ብለው ገቡ።

አንድ የቆየ ሰነድ ኮፒ አወጡ። ከዓመታት በፊት ከአንድ ፍርድ ቤት ጽፈው ያስመጡት ነው። ሳሙኤል በኋላ ያርስበት ከነበረው መሬት አጠገብ አንድ ባለመሬት ይሞታል። ይህ የሆነው ባርነት ከመቅረቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ንብረቱ ተቆጥሮ ተመዘገበ። ሰነዱ ያ መዝገብ ነው።

«ተናድጄ ነው የሄድኩት» አሉኝ። «ቤት ገብቼ ግን ያንቺ ስህተት አልለቀኝ አለ። ይህን ወረቀት ድሮ ሲመጣልኝ የላይኛውን መስመር ብቻ አይቼ ነበር። የባለመሬቱ ስም ኤፍሬም አይደለም፤ ስለዚህ ዘግቼ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት። ለሁሉም ወረቀት እንደዚያ ነበር የማደርገው። አሥራ ሁለት ዓመት ከባለቤቶቹ መካከል ነበር የምፈልገው። አንድም ቀን ዝርዝሩ ውስጥ አልፈለግሁትም።»

ጣታቸውን አስቀመጡልኝ። ከበቅሎዎቹ ቀጥሎ፣ ከማረሻዎቹ በፊት፣ በቀጭን የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ኤፍሬም፣ አራሽ። ሐና፣ ሚስቱ። ሳም፣ የአራት ዓመት ልጅ። ሉሲ፣ ሕፃን።

በየስማቸው ትይዩ ዋጋ ተጽፏል። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ቁጥሮቹን ሸፈንኳቸው። ሚስተር ሮይ እጄን በቀስታ አነሱት። «ይታይ» አሉ። «ልጆቹ ማየት አለባቸው።»

አላስቻለኝም፤ አለቀስኩ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም። ግምት አይወዱማ። ይህን እንዳገኙ ለፍርድ ቤቱ ጽፈው የቀረውን ገጽ ለምነዋል፤ ሦስት ሳምንት የጠፉት እሱን ሲጠብቁ ነው። ስልክ ያላነሱትም «ሳይረጋገጥ አፌ ያመልጠኛል» ብለው ነው። የመጣው ገጽ ንብረቱ ለወራሾች እንዴት እንደተከፋፈለ ይናገራል። ሐናና ልጆቹ ለሟቹ ሚስት ደርሰዋል። ኤፍሬም ወደ ቴክሳስ ለሚሄደው የሟቹ ልጅ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ የተጻፈ አላገኙም።

«ነፃነት ሲመጣ ልጇን ሳሙኤል ኤፍሬም ብላ ያስጠራችው ሐና ትመስለኛለች» አሉኝ ሚስተር ሮይ። «ባሏ ከቴክሳስ ተመልሶ ቢፈልጋቸው በስሙ እንዲያገኛቸው። ይህን ማረጋገጥ አልችልም፤ ድንጋዩ ላይም አላስቀርጸውም። ግን አምኛለሁ።»

ጋሼ ዘለቀ በአሥር ሰዓት ገቡ። ሚስተር ሮይን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሚስተር ሮይ ግን አላስጀመሯቸውም። ከፊታቸው ቆመው እጃቸውን ዘረጉና አንድ በአንድ ጣታቸውን እያወጡ ቆጠሩ።

«ሮይ። ከርቲስ። ዊሊ። ሳሙኤል።» አምስተኛዋን ጣት አነሷት። «ኤፍሬም።»

ጋሼ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ለማንም አይነሱም። ያን ቀን ግን እንደ ቆሙ ቀሩ፤ ወንበራቸውን ለሚስተር ሮይ ሳቡላቸው። ወረቀቱ የት ተገኘ ብለው ጠየቁኝ። ቤታቸው፣ ካርቶን ውስጥ አልኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» አሉ። ይህን ለሚስተር ሮይ ተርጉሜላቸው በጣም ሳቁ። እንደገና ተናገሪልኝ ብለው ቦርሳቸው ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ያንኑ ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ፖስተሩን አተምኩ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ብሰጣቸው ይበቃ ነበር፤ አንድም የሚለወጥ ፊደል አልነበረውም። እሳቸው ግን «ለስህተትሽ እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ አሁን ግን አውቀሽ እንድትጽፊው ነው የምፈልገው» አሉኝ። አጠገቤ ቆመው፣ ጋሼም ከኋላዬ ቆመው፣ ሥራ ልጀምር እንደመጣሁበት የመጀመሪያ ቀን በአንድ ጣት ተየብኩት።

አሁን ሥራዬ ያው ነው፤ ጥድፊያውም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ለውጫለሁ። «የአባት ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አይቼ አልሞላም። ቀና ብዬ ሰውየውን እጠይቀዋለሁ፤ በአፉ እስኪነግረኝም እጠብቃለሁ። አንዳንዱ «እዚያው ተጽፎልሽ የለ?» ብሎ ይሰለቸኛል። ይሰልች። የአባቱን ስም ሳይጠይቅ፣ ሳይፈልግ፣ ሲወለድ ያገኘ ሰው ምን እንዳገኘ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ሚስተር ሮይ ከጆርጂያ ፎቶ ላኩልኝ። ቀይ አፈር፣ ጥድ ዛፍ፣ አዲስ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ሳሙኤል ኤፍሬም። ገበሬ። የሐናና የኤፍሬም ልጅ» ይላል። በጥሩ ወረቀት አትሜ ከፓስፖርት ፎቶ ናሙናዎቹ አጠገብ ሰቀልኩት። የሚገባ ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ፎቶ ልነሳ ብሎ ገባና ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም አይቶ ደነገጠ። «ሲስ፣ ይሄ ሰውዬ የኛ ሰው ነው እንዴ? መቼ ነው ያረፈው?»

«የጆርጂያ ገበሬ ነው» አሉት ጋሼ ከወንበራቸው ሆነው፣ ዓይናቸውን ከጋዜጣቸው ሳይነቅሉ።

«ሳሙኤል ኤፍሬም? ከጆርጂያ? የማን ልጅ ነው?»

ጋሼ ቀና ብለው አዩት።

«የኤፍሬም ነዋ!» አሉት፣ ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ።